ታግ ከመጣልህ በፊት

ልጄ፣ ሪያድ ሱለይማኒያ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤትህ የጻፍክልኝ ደርሶኛል። ለዓመታት የተጠራቀሙ የአማርኛና የዓረብኛ ገጾች ከአሮጌው ኤችቲኤምኤል ወጥተው አዲሱ ሲኤምኤስ (የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት) ውስጥ እንዲገቡ አንተ ተመድበሃል። ገጾቹ ሪያድ ላለው ወገናችን ስለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እድሳት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ጉዞ ሰነድ የሚያስረዱ ናቸው። አለቃህ እንደሚያጣድፍህም ነግረኸኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና፣ ኮድ ከመጻፍህ በፊት ይህን ስማኝ።

መጀመሪያ የምታሻግረው ምን እንደሆነ እወቅ። ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 የኤችቲኤምኤልን ታጎች ሲዘረዝር ዋና ሐሳቡ ርዕሱን ርዕስ፣ ዝርዝሩን ዝርዝር ብሎ መሰየም ነበር። ኋላ ግን ሰው ታግን ፊደል ማጉያ፣ ቀለም መቀቢያና ገጽ ማደላደያ አደረገው። አዲሱ ሲኤምኤስ ወደ ቀድሞው ሐሳብ ይመልስሃል። ከእንዲህ ያሉ ሲኤምኤሶች አንዱ የሆነው ሳኒቲ የሚጠቀምበት፣ ፖርተብል ቴክስት የተባለው አቀማመጥ ጽሑፉን በብሎክ በብሎክ ይከፍላል። እያንዳንዱ ብሎክ ተራ አንቀጽ ይሁን ርዕስ ስሙን ይዞ ይቀመጣል፤ በውስጡ ያሉት ቁርጥራጮች ደማቅ ወይም ሊንክ መሆናቸው ለብቻው ይመዘገባል። ሌላው ሲኤምኤስ ኮንቴንትፉልም በራሱ አደራደር ያንኑ ያደርጋል። ሁሉም በጄሰን ተቀምጦ፣ ድረ ገጹም የስልኩ መተግበሪያም ከአንድ ምንጭ የየራሳቸውን መልክ ያወጣሉ። ስለዚህ ታግ ፊትህ በቀረበ ቁጥር ጥያቄህ አንድ ይሁን፦ ይህን ያስገባው ሰው ምን ሊል ፈልጎ ነው?

የብራና ጸሐፊዎቻችንን አስብ። የመጽሐፉን መክፈቻ መስመሮች በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስምም በቀይ ይጽፋሉ። ቀለሙ አንድ ቢሆንም ሥራው ሁለት ነው፤ ደጋሚውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ደማቅ ፊደልም እንዲሁ ነው። ዓረፍተ ነገር መካከል ያለች ደማቅ ቃል ማጉያ ናት። ለብቻዋ አንቀጽ ይዛ የቆመች፣ አጭር፣ አራት ነጥብ የሌላት ደማቅ መስመር ግን ርዕስ ሳትሆን አትቀርም። ፕሮግራምህ እንደዚህ ያሉትን ይልቀምልህ እንጂ ርዕስ ናቸው ብሎ አይፍረድ፤ ፍርዱን ጽሑፉን ያነበበ ሰው ይስጥ።

በእናንተ ገጾች ላይ ታግን በትክክል ማንበብ የሰው ኑሮ የሚነካ ነገር ነው። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ሰነድ ለሌላቸው ሰዎች የ90 ቀን ምሕረት አውጆ በኋላ አራዝሞት እንደነበር ታስታውሳለህ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲታደስ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የፊተኛው ቀን ላይ መሰረዣ መስመር ያደርግና አዲሱን ከጎኑ ያስገባል። ስለ ስረዛ ያልተነገረው መቀየሪያ ፕሮግራም መስመሩን ጥሎ ጽሑፉን ያስቀራል። ያን ጊዜ የሞተውም ቀን የቆመውም ቀን እኩል ሆነው ይነበባሉ። የመሰረዣ ታግ ባየህበት ቦታ ሁሉ ቆም በል፤ ወይ አዲሱ ሲኤምኤስ ውስጥ ቦታ አብጅለት፣ ወይ የተሰረዘውን ጽሑፍ ከነታጉ አውጣው።

የፎንት ታግ ነገር ደግሞ ሌላው ዓለም የማይነግርህ የእኛ ጣጣ ነው። መመሪያዎቹ ሁሉ «የፎንት ታግ ቆሻሻ ነው፣ ጣለው» ይሉሃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ይጻፍ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። እዚያ ገጽ ላይ የፎንቱን ስም ከጣልክ ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ሠንጠረዥ እንደሚፈታ የሚናገረውን ምስክር ጣልክ። የአንዱ ፎንት ሠንጠረዥ ደግሞ ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ በፎንቱ ስም መሠረት ወደ ዩኒኮድ መልስ፣ ታጉን ከዚያ በኋላ ጣል። ከወርድ ተገልብጦ ከመጣው የኤምኤስኦ ኮተት ግን የዝርዝር ነጥብና ደረጃ የሚናገረውን ብቻ አስቀድመህ ለይ፤ የቀረውን ሳትሳሳ ጥረገው።

አራት ነጥብም ወጥመድ አለው። ብዙ ጸሐፊ «።»ን በአንድ ምልክት ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ «፡፡» ብሎ ይጽፋል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ይለያያሉ፤ ፍለጋውም ዓረፍተ ነገር መቁረጡም ይሳሳታል። ማስተካከል ከፈለግህ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ቃል የሚለየውን ነጠላ «፡» ወደ ባዶ ቦታ መቀየር አስቀድመህ ከጀመርክ ጥንዱም አብሮ ይጠፋል፤ ዓረፍተ ነገሩም መጨረሻ ያጣል። አንዳንዴም ደማቁ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ስለሚዘጋ አንዱ በዚያ ቁራጭ፣ ሌላው በዚህ ቁራጭ ይቀራል። ስለዚህ ፍለጋህ በየቁራጩ ሳይሆን በመላው አንቀጽ ላይ ይሁን።

ዓረብኛውን አትርሳ። የጀዋዛት (የፓስፖርት መሥሪያ ቤት) ቅጽ ስም ወይም የመሥሪያ ቤት አድራሻ በዓረብኛ የገባበት ቦታ አሮጌው ገጽ ላይ አቅጣጫና ቋንቋ የሚናገር አትሪቢዩት ሊኖረው ይችላል። የተለመዱት መቀየሪያዎች ይህን አይሸከሙም። አቅጣጫው ሲጠፋ ቅንፍና ቁጥር ቦታ ይቀያየራሉ፤ የስልክ ቁጥር ተገላብጦ የሚነበብበት ጊዜም አለ። ሳኒቲ የራስህን ምልክት እንድትጨምር ይፈቅድልሃልና «ዓረብኛ፣ ከቀኝ ወደ ግራ» የሚል ምልክት ሥራለት።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበልህ። ኤችቲኤምኤልን በሬጌክስ አትቆራርጠው። አሮጌ ገጽ ያልተዘጋ ታግ ሞልቶበታል፤ ብራውዘር እንደሚያደርገው የሚጠግን ፓርሰር ተጠቀም፤ ለኖድ ጄኤስዶም አለልህ። ፎቶ በአንቀጽ መካከል ካገኘህ አንቀጹን ለሁለት ክፈለውና ፎቶውን የራሱ ብሎክ አድርገው። ፖርተብል ቴክስት ውስጥ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ አይታቀፍም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ደረጃውን በቁጥር ይይዛል፤ ደረጃውን ካልቆጠርህ ንዑሱ ነጥብ ከዋናው ጋር ይሰለፋል። ለእያንዳንዱ ገጽ ቋሚ መለያ ስጠው፤ ያኔ ፕሮግራሙን ደግመህ ብታስሮጠው ያው ገጽ ይታደሳል እንጂ አይባዛም። የመጀመሪያውን ኤችቲኤምኤል ደግሞ እንዳለ አስቀምጥ። ሙከራህን በቀላሉ ገጽ አትጀምር፤ ከሁሉ የተዝረከረከውን ምረጥ። ስትጨርስ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ሊንኮች፣ ፎቶዎችና የጽሑፉን ርዝመት አስተያይ።

የመጨረሻው ምክሬ ከሁሉ ይበልጣል። ፕሮግራምህ የማያውቀው ታግ ሲገጥመው ዝም ብሎ እንዲያልፍ አትፍቀድለት፤ የገጹን ስም በዝርዝር ይመዝግብና ገጹን ያቆየው። አለቃህ «ስንት ቀረ?» ሲልህ ያን ዝርዝር ሳትሸሽግ አሳየው። ቢቆጣም ይቆጣ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ገጽ የሚያመጣው መዘግየት ብቻ ነው። አንድ መስመር በዝምታ የጣለ ገጽ ግን ያለቀ መስሎ ይወጣል፤ ስህተቱንም መጀመሪያ የሚያውቀው ጀዋዛት በር ላይ «ቀኑ አልፏል» የተባለው ሰው ነው።