ታሪክን ለልጅ ሙሉውን ማሳየት ይገባልን?

ልጅን አብልቶና አልብሶ ማሳደግ ብቻ አይበቃም፤ አገሩን ማሳወቅም የወላጅ ዕዳ ነው። ይህን የማያምን የለም። ነገር ግን አገሩን ያሳውቀው ሲባል የትኛውን ነው? አባቶች የከበሩበትን ስፍራ ብቻ ነውን፥ ወይስ አባቶች የበደሉበትንም? ጥያቄው በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ መንገድ ሲታሰብ ግን ይከብዳል።

ለምሳሌ ያህል በአቀስታ የሚኖር አንድ አባት ይታሰብ። የ15 ዓመት ልጅ አለው። ክረምቱ ሲያልፍና መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጁን በመኪና ይዞ የወሎን የታሪክ ስፍራዎች ሊያሳየው ቈርጧል። ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው የሚሄዱበትን ስፍራ በወረቀት ይጽፋሉ። አባትየው ሦስት ስፍራ ጻፈ። አንደኛው ወረኢሉ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱ እንዲከትበት ያዘዙበት። ሁለተኛው ውጫሌ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ ውል የተፈረመበት። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው ንጉሡ ቢወዱ ከውጭ መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ አማካይነት ለመነጋገር ይችላሉ ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ስላደረገባቸው የጦርነት ምክንያት ሆነ። ሦስተኛው መቅደላ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ከመስጠት ሞትን የመረጡበት፥ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም እስከ ዛሬ የሚገኝበት።

ልጁ ወረቀቱን ተመለከተና፥ «አባዬ፥ ቦሩ ሜዳስ ለምን ቀረ? ከደሴ ቅርብ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ስፍራውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ማወቁ ነው ዝም ያሰኘው።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሊቃውንቱን በዚያ ሰብስበው፥ ቤተ ክርስቲያንን ለብዙ ዘመን የከፈለውን ክርክር በጉባኤ ቈረጡት። በዚህ በኩል ጉባኤው በመልካም ይነሣል። ነገር ግን በዚያው ዘመን የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። እንቢ ካሉት ግን እኵሌቶቹ ተሰደዱ፤ እኵሌቶቹም እንደ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ተዋጉ። የዚህ ልጅ ቅድመ አያቶች በሁለቱም ወገን ነበሩ፤ በወሎ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም።

መቅደላስ ቢሆን አንድ ወሬ ብቻ አለውን? ሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከዚያ ዐምባ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር በደረሱ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ተቈጥተው በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ኢማም አመዴን ከገደሉ አስወረወሩት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ከዚያው ዐምባ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ፤ እርሱም በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. ዐጽሙ ይመለስ ተብሎ ቢጠየቅ፥ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአጠገቡ ያሉትን ሙታን ሳይነኩ ማውጣት የሚቻል አይመስልም ብሎ መለሰ። እንግዲህ ከአንድ ዐምባ ሁለት ልጆች የታላላቆችን ጠብ ዋጋ ከፈሉ። ለዓለማየሁ እያለቀሰ ለአመዴ ዝም የሚል ሰው ቢኖር፥ ኀዘኑ ለወገኑ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለብላቴና መንገር አይገባም የሚሉ አሉ፤ አሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። ልጅ የአገሩን ፍቅር ሳይጠግብ ነውሯን ቢሰማ ልቡ ይቀዘቅዛል ይላሉ። ደግሞም በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፥ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጡ ጎረቤቶች የዳነ ቍስል ቢነካባቸው ይደማል ይላሉ።

ነገር ግን የተሸሸገ ነገር ሳይሰማ አይቀርም። አባት ያልነገረውን ልጁ በእጁ ከያዘው ስልክ ያገኘዋል፤ በዚያ የሚነግረው ግን ልጁን የሚወድ ላይሆን ይችላል። አባት አዝኖ ሊነግረው የሚችለውን ሌላው ለጠብ ይነግረዋል። ያን ጊዜ ልጁ የሚያጣው የአባቱን ዝምታ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አባቱ ስለ ዐድዋ የነገረውንም እውነት ይጠራጠራል። ግማሹን የሸሸገ ሰው በቀረው ግማሽ አይታመንም። መጽሐፍ ቅዱስም ዳዊትን ሲያከብር የኦርዮንን ደም አልሸሸገም፤ የጴጥሮስንም ክህደት ጽፎ አቈይቷል።

ቢሆንም ሙሉውን መንገር ማለት እንዳገኙ መንገር ማለት አይደለም፤ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ፥ በደሉ የሠራው ሰው ነው እንጂ የልጅ ልጁ እንዳልሆነ ልጁ ይወቅ፤ ዕዳ ተብሎ ከጎረቤት የሚጠየቅ ነገር የለም። ሁለተኛም፥ ክብርና በደል በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ እንደሚችሉ ይረዳ። ቴዎድሮስ ስለ ጀግንነታቸው ሲመሰገኑ አመዴ አይረሳ፤ ስለ አመዴ ሲታዘንም ጀግንነታቸው አይካድ። ሦስተኛም፥ ፍርዱ የልጁ ይሁን። አባት ልጁን ከስፍራው ያድርሰው፥ የሆነውን ይንገረው፥ ከዚያም ዝም ይበል። ይህ ዝምታ ከፊተኛው ዝምታ የተለየ ነው፤ ያኛው ይሸሽጋል፥ ይኸኛው ያስተምራል።

አገርን መውደድ ነውሯን ካለማወቅ የመጣ እንደ ሆነ፥ ነውሯ በተሰማ ቀን ይጠፋል። ዐውቆ የወደዳት ግን አይከዳትም፤ ደግሞ እንዳትሳሳትም ይጠብቃታል። ስለዚህ አባትየው ብዕሩን አንሥቶ ከሦስቱ ስፍራ በታች አራተኛውን ይጻፍ። በሜዳው ላይ ቆሞ የሚናገረው ቢጠፋውም አይፈር፤ ልጁ በመጀመሪያው ማታ የጠየቀው ጥያቄ ለንግግሩ መጀመሪያ ይበቃዋል።