ሥዕል መማር ቅንጦት ነውን?

ሰሞኑን በራኩባው ጥላ ሥር ከተማሪዎቻችን ጋር ስንወያይ አንድ ጥያቄ አነሣን፤ «የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ቢገኝ ምን መማር ትሻላችሁ?» አንዱ ሕክምና፣ ሌላው ምሕንድስና፣ ሦስተኛው ሕግ አለ። አንዲት ልጅ ግን ተነሥታ፣ «ሥዕልንና የሥዕልን ታሪክ» አለች። ከዳር ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ሥዕል ይበላል እንዴ?» ቢሏት ሁሉም ሳቀ። እኛም መምህራኗ አብረን ሳቅን። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ይህች ጽሑፍ የዚያ ሳቅ ዕዳ ናት።

የአባታችን ጥያቄ ከንቱ አይደለም። ውኃ በሰልፍ በሚቀዳበት፣ ክረምት ሲገባም ጥቁሩ የገዳሪፍ ዋልካ መኪናን በሚውጥበት በዚህ ሥፍራ፣ አንድ ወጣት የጥንት ሠዓሊዎችን ሥራ ሲያጠና ዓመታት ቢያሳልፍ ለወገኑ ምን ያተርፋል? እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚገባው መልስ ሳቅ ሳይሆን ክርክር ነው።

እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ሥዕል ተምረናል። ይሁን እንጂ የተማርነው ለትምህርት መርጃ መሣሪያ ያህል ነበር፤ የልብን ቅርጽ፣ የአበባን ክፍሎች፣ የአፍሪካን ካርታ በካርቶን ላይ መንደፍ። ሥዕል በሰው ኅሊና ላይ ምን እንደሚሠራ የነገረን አልነበረም። ስለዚህም ከልጅነታችን ጀምሮ በዓይናችን ሥር የነበረውን ነገር ሳናስተውለው ኖርን።

ምሳሌ እናቅርብ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ጎልተው ይሣላል። ክፉው ግን በጎን ይሣላል፤ ከዓይኖቹም አንዱ ብቻ ይታያል። በ1888 ዓ.ም. ስለተደረገው የዐድዋ ጦርነት በተሣሉ ብዙ ሥዕሎችም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ ኢትዮጵያዊው ፊቱን ወደ ተመልካቹ ሲያዞር ጣልያኑ በጎን ይታያል። ፊደል ላልቆጠረው ሰው እንዲህ ያለው ሥዕል መጽሐፉ ነበር። ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደ ሆነ በአንድ አፍታ ያነብበታል።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሕፃናቶቻችን በእርሳስና በከሰል የሚሥሉትን አይተናል። ከቤታቸው ያባረራቸውን ሰው ሲሥሉ ጠመንጃ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ፊት ግን የለውም። ሕፃናቱን አንወቅስም። እኛ ዐዋቂዎቹስ? ማታ ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ አገር ስናወጋ ያንን ወገን፣ ያንን ብሔረሰብ በጎን ሥለን አንድ ዓይን ብቻ አልተውንለትምን? እነርሱም እኛን እንዲሁ ሥለውናል። ከቀዬአችን የነቀለን ጥይት ከመተኮሱ አስቀድሞ ሥዕሉ ተሥሎ አልቆ ነበር።

የሥዕልን ታሪክ መማር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የተማረ ሰው ያ አንድ ዓይን የሠዓሊ ሕግ እንጂ የሰው ተፈጥሮ አለመሆኑን ይረዳል። ሁለተኛው ዓይን አልጠፋም፤ በወዲያኛው ጉንጭ በኩል ነው። «ታዲያ በደለኛውን ከንጹሑ ጋር ልታስተካክሉት ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። ሁለት ዓይን ያለው ሰው እያየ የሠራ ነውና ይጠየቅበታል። አውሬ አድርገን የሣልነውን ግን በየትኛው ችሎት እናቆመዋለን? አውሬ ይታደናል እንጂ አይከሰስም።

ደግሞም ይህ ትምህርት የጠገበ አገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ አገራችን ድሃ ነበረች። በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማሩት ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በኋላም እንደ እኛው ተሰድደው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ።

በተጠለልንበት አገርም ምሳሌ አለ። ሱዳናዊው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ፣ የእኛው አፈወርቅ ተክሌ በተማሩበት በለንደኑ የስሌድ ትምህርት ቤት ሠልጥነው ወደ ካርቱም ተመለሱ። በ1975 እ.ኤ.አ. ያለ ፍርድ ታስረው ስድስት ወር ያህል በኮበር እስር ቤት ቆዩ። በዚያ መጻፍም መሣልም ክልክል ነበር። እርሳቸው ግን በብጥስጣሽ ወረቀት ላይ እየነደፉ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። የተራበ ሰው እንጀራ ይደብቃል፤ እኒህ እስረኛ የደበቁት ሥዕል ነው።

እንግዲህ አባታችን ሆይ፣ እውነትዎን ነው፤ ሥዕል አይበላም። ሐኪምም፣ የውኃ መሐንዲስም ያስፈልጉናል፤ ከእነርሱ ይቅደም አላልንም። ነገር ግን ከመቶ ልጆቻችን መካከል አንዲቱ እንዴት እንደምናይ ብትመረምርልን፣ ሐኪሙ ያዳነውን ሰው መልሰን እንዳንገድለው ትረዳን ይሆናል።

ልጅቱን ይቅርታ እንጠይቃለን። የትምህርቱ ዕድል በእጃችን የለም፤ ዓይናችን ግን አለ። ስትሰደዱ በጉያችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት የቅዱሳን ሥዕል፣ ያረጀ ፎቶግራፍ ወይም ጥልፍ ቢኖር ወደ ራኩባው ይዛችሁ ኑ። አብረን እናየዋለን። በዚያን ዕለት መምህሯ እርሷ ናት፤ እኛ ተማሪዎች ሆነን መሬት ላይ እንቀመጣለን።