ስለ ሥጋ ጤና አጠባበቅና በጕልምስና ዕድሜ ስለሚገኝ ደስታ

ሰው የነፍስና የሥጋ ተዋሕዶ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ይሁን እንጂ ነፍሱን እንዲጠብቅ ሲመከር በደስታ የሚሰማ ብዙ ሰው፥ ሥጋውን እንዲጠብቅ ሲመከር ከሁለት ስሕተት በአንዱ ላይ ሲወድቅ እናያለን። አንዱ ወገን ሥጋ ፈራሽና በስባሽ ነው በማለት ይንቀዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥጋውን እንደ ጣዖት ቆጥሮ ስለ መልኩና ስለ ጕልበቱ ብቻ ሲያስብ ይውላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ምግቡን በመመጠንና ሰውነቱን በሥራ በማንቀሳቀስ የሚያገኘው ደስታ ለክርስቲያን የተገባ ደስታ ነውን? ወይስ ከጸሎትና ከምጽዋት የሚያዘናጋ ከንቱ ድካም ነው?

አስቀድሞ የጕልምስናን ጠባይ መመልከት ይገባናል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ ሰው ከ30 ዓመት ዕድሜው በኋላ የጡንቻው ብዛት ሳይታወቀው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሥራ የማይሰጠው ጡንቻም ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ይደክማል። ምኞት ግን ከጡንቻ ጋር አብሮ አይቀንስም። ስለዚህ ሰውነቱ የሚፈልገው ምግብ ሲያንስ፥ ማዕዱ እንደ ወጣትነቱ ዘመን ሞልቶ ይቀርብለታል፤ ትርፉም በሆድ ዙሪያ ስብ ሆኖ ይከማቻል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ የሚገቡት በዚህ በር ነው። በዚህም ዕድሜ ያለ ሰው ለራሱ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ ከበታቹ የሚያሳድጋቸው ልጆች፥ ከበላዩ የሚጦራቸው ወላጆች አሉት፤ ካህን ቢሆን ደግሞ የንስሐ ልጆቹ ይጠብቁታል። እርሱ በቸልተኝነት በወደቀ ጊዜ የሚወድቀው ብቻውን አይደለም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ እንዲሆነን አቃቂ በሰቃን እንመልከት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነው፤ ከዚያም ወዲህ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በየጊዜው ተተክለውበታል። አባቱ ዕርፍ ጨብጦ ከጧት እስከ ማታ በእርሻው ላይ ይመላለስ የነበረ ሰው፥ ልጁ ዛሬ በመኪና መሪ ፊት ተቀምጦ ወይም በፋብሪካ ውስጥ በአንድ ስፍራ ቆሞ ይውላል። የአባቱ ድካም ቀርቶለታል፤ የአባቱ ማዕድ ግን አልቀረለትም። እንዲያውም በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ለስላሳ መጠጥ፥ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ተጨምሮበታል። ይህንም የምንለው ሠራተኛውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የኑሮ ለውጥ የአመጋገብንም ለውጥ እንደሚጠይቅ ለማስረዳት ነው እንጂ።

ሕዝባችን ለዚህ ችግር መድኃኒቱን ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልገውም። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፥ 15 ቀን የሚጾመው ፍልሰታ፥ በየሳምንቱም የሚመላለሱት ረቡዕና ዓርብ፥ ሰው ፈቃዱን መግታት እንደሚችል ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተምሩታል። የጾም ማዕዳችንም የተናቀ ማዕድ አይደለም። የጤፍ እንጀራ አሠር የበዛበትና ብረት ያለበት ምግብ ነው፤ ሊጡ መቡካቱም ሰውነት ብረቱን በተሻለ እንዲያገኘው ይረዳል። እንጀራው ከምስርና ከሽሮ ጋር ሲበላ ደግሞ እህሉና ጥራጥሬው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ለ10 ቀን ጥራጥሬ በልተው ውኃ ጠጥተው ቢፈተኑ፥ ከንጉሡ ማዕድ ከበሉት ይልቅ ፊታቸው አምሮ መገኘቱን መጽሐፍ ይነግረናል።

ነገር ግን የጾም ምግብ የተባለው ሁሉ ልከኛ ምግብ ነው ማለት አይደለም። በዘይት የዋኘ ወጥ ሥጋ ስላልገባበት ብቻ ጤናማ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚፈቅደው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ደግሞም 55 ቀን የታገሠ ሰው በትንሣኤ ሌሊት ቅቤውንና ሥጋውን ባንድ ጊዜ ቢያከማች፥ ያን ሁሉ ቀን የተማረውን ትምህርት በአንዲት ሌሊት ይረሳዋል፤ ሆዱም ይታወክበታል። የስኳር ሕመም ወይም ሌላ ደዌ ያለበት ሰውም በራሱ ፈቃድ ሰውነቱን እንዳይጐዳ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ማማከር ይገባዋል።

ስለ ሰውነት እንቅስቃሴም የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መጠነኛ እንቅስቃሴ መክሯል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ከመራመድ ይጀምራል። እግር በሚራመድበት ጊዜ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየወሰደ በሥራ ላይ ያውለዋልና። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚሄድ ምእመን ከዚህ ብዙውን አስቀድሞ ይዟል። ስግደትም ጕልበትንና ወገብን እንደሚያሠራ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ስለ ሆነ፥ ለሰውነት ማሠልጠኛ ብሎ የሚሰግድ ቢኖር የነገሩን ሥርዓት ገልብጦታል። ከአቃቂ በስተ ደቡብ ሰማዩ በጠራ ጊዜ የሚታየውን የዝቋላን ተራራ በጥቅምትና በመጋቢት አቦ በእግሩ የወጣ ሰው፥ የሥጋ ድካምና የነፍስ ደስታ አብረው መኖር እንደሚችሉ ሌላ ምስክር አይፈልግም።

ዕድሜዬ አልፏል የሚል ሰው ማሞ ወልዴን ያስታውስ። ማሞ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 ነበረ፤ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጣ ደግሞ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር። ጕልበቴ ከድቶኛል የሚልም ሻምበል አበበ ቢቂላን ያስብ። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከተያዙ በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት ወርውሯል። የተወሰደበትን እያሰበ ከመቀመጥ በቀረለት ክንድ መሥራትን መረጠ። ለእኛ የሚያስፈልገን የእነርሱን ያህል መሮጥ ሳይሆን ባለን መጠን መጀመር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በአንድ ሳምንት ሁሉን ለመለወጥ የሚቸኩል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው ልማዱ ይመለሳልና፥ ጥቂት በጥቂት መሄድ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ምግቡን የሚመጥን ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይመጥንም። አንዱ ሞትን ፈርቶ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጉርሻ ይጠራጠራል፥ በማዕድ ፊትም አመስጋኝ መሆኑ ቀርቶ መርማሪ ይሆናል። ሁለተኛው ለመታየት ነው፤ ስለዚህ በቅጥነቱና በብርታቱ ይመካል፥ የወፈረውንም ወንድሙን ይንቃል። እነዚህ ሁለቱ ደስታን አያገኟትም። ፈሪው ነገ ይታመማል፤ ትምክሕተኛውም ነገ ያረጃል። ሦስተኛው ግን ሥጋውን የሚመለከተው እንደ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ለዕቃው አይሰግድለትም፤ አይጥለውምም፤ ባለቤቱ እስኪጠይቀው ድረስ ይጠብቀዋል እንጂ። እንዲህ ያለው ሰው በልክ ተርቦ ስለሚቀመጥ የሽምብራው ንፍሮ ይጣፍጠዋል፤ ቅዳሴ ሲቆም ጕልበቱ አይከዳውም፤ ልጁን አቅፎ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ አያጥርም። ይህ ደስታ የተገባ ብቻ ሳይሆን ራሱ ምስጋና ነው።

ምናልባት ይህ ምክር የጠገበ ሰው ምክር ነው የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በአቃቂ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲሸከም የሚውለው የቀን ሠራተኛ የጐደለው እንቅስቃሴ ሳይሆን ምግብ ነው፤ ለእርሱ አሳንስ ብሎ መስበክ ግፍ ነው። ስለዚህ አባቶች ከጾም የተረፈው ለድኃ ይሁን ብለው አስተምረዋል። ከማዕዳችን ያሳነስነው በሌላው ማዕድ ላይ ካልተጨመረ ጤናችን ንፍገት ነው። ይህም በምግብ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከፋብሪካና ከከተማ የሚለቀቀው ቆሻሻ ግን ወንዙን እንዳቈሸሸው፥ በአትክልቱም ውስጥ ጎጂ የብረት ዓይነቶች እንደ ተገኙ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ለራሱ ንጹሕ ጎመን እየመረጠ ቆሻሻውን ወደ ወንዝ የሚደፋ ሰው፥ የራሱን ሥጋ ሲጠብቅ የባልንጀራውን ሥጋ አሳልፎ ሰጥቷል። አደራው የሁላችንም ነውና።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ገና ጕልበት ሳለን እንጀምር። ከማዕድ ፊት ትንሽ ርሃብ ይዘን እንቅረብ፥ ትንሽ ቦታ አስቀርተንም እንነሣ፤ የምንችለውን መንገድ በእግራችን እንሂድ፤ ያተረፍነውንም ለተራበው እናካፍል። እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ፥ እግዚአብሔር የሰጠንን ዘመን በሸክም ሳይሆን በደስታ እንፈጽመዋለን።