የራስ መኮንን ሰላም ከማን ጋር ነበር?

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሐረር ላይ የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት ሲፈርስ በአንድ ሰፈር ያለቀሰም እልል ያለም ነበር። ሁለቱም ወገን የሰውየውን ማንነት አውቃለሁ ባይ ነው። እኔ ግን ግራ ገባኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። መኮንን ጦረኛ ነበሩ ወይስ አስታራቂ?

ጦረኛነታቸው አያከራክርም። በ1879 ዓ.ም. የገና ዕለት የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ነሣ፤ የሐረር ግዛትም ለመኮንን ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ደጋግመው ለድርድር ተልከዋል። በ1881 ወደ ኢጣሊያ የሄደውን መልእክት መሩ፤ በግንቦት 1889 ደግሞ ከእንግሊዙ ሮድ ጋር በሐረር ስለ ድንበር ተነጋገሩ።

ትምህርት ቤት የተነገረን ይህ የድርድሩ ታሪክ ብቻ ነው። ስለ ጨለንቆ ስጠይቅ መምህሬ «ቁጭ በል፣ ለፈተና አይመጣም» አሉኝ። ዛሬም ያናድደኛል። የሐረር ፈረስ መጋላው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መስጊድ በነበረበት ቦታ መሠራቱን የነገሩኝ የሰፈር ሽማግሌ እንጂ መምህር አይደሉም።

የሚያስቸግረኝ የመቀሌ ነገር ነው። በጥር 1888 የኢጣሊያዊው የጋሊያኖ ጦር እንዳየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከቦ፣ የሚጠጣው ውሃ ተይዞበት ነበር። ጥቂት ቀን ቢታገሡ በጥም ያልቅ ነበር። መኮንን ግን መሣሪያውን እንደያዘ አስወጥተው እስከ ወገኖቹ ሸኙት። ይህ ምሕረት ነው ልል ስል ሌላው እውነት ይመጣብኛል፤ በዚያው ሽኝት ተከልሎ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወደ ዓድዋ ዞረ። ታዲያ ዕርቅ ነበር ወይስ ስልት?

ሁለቱም ነው ብዬ ላልፈው ሞከርሁ። አላስቻለኝም። ለወራሪ የተከፈተ መውጫ ለሐረር ለምን ጠበበ? «አሚሩ አልገዛም ብለው ገጠሙ» የሚል አለ። እውነት ነው። ጋሊያኖም እኮ ተዋግቷል! ከጋሊያኖ ጀርባ መንግሥትና መድፍ ነበር፤ ከአሚሩ ጀርባ ግን ማንም አልነበረም። እንግዲያስ መደራደር ለሚያስፈራ ሰው ብቻ የሚገባ ነው ማለት ነው? ይህን ልቀበል አልችልም።

የሮድ ስምምነትም ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል። በሁለቱም ወገን ያሉ የሶማሌ ጎሳዎች ድንበር ተሻግረው ከብቶቻቸውን እንዲያግጡ ፈቅዷል፤ መልካም ነገር ነው። ባለከብቶቹ ግን ሲፈረም የጠየቃቸው አልነበረም።

መኮንን በመጋቢት 1898 ቁልቢ ላይ አረፉ። ከጦርነት ወደ ድርድር መጓዛቸውን አምናለሁ፤ ያ ጉዞ ግን እሳቸው ላሸነፏቸው ሰዎች የደረሰ አይመስለኝም። ምናልባት አንድ ቀን ደብዳቤ ተገኝቶ ሐሳቤን ያስቀይረኝ ይሆናል፤ ቢገኝ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ ግን «ሰላም ፈጣሪ ብለህ ጻፍ» የሚለኝን ሁሉ፣ «ከማን ጋር?» ብዬ መጠየቄን አልተውም።