የሚያጸዳ እጅ የሚተወው እድፍ

የመስኮት መስተዋት ከሌላው የቤት ዕቃ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ወንበርም ሆነ ጠረጴዛ የሚመሰገነው ሲታይ ነው፤ መስተዋት ግን የሚመሰገነው ሳይታይ ሲቀር ነው። ዓይን በላዩ ሳይቆም አልፎ ወደ ውጭ የተመለከተ እንደሆነ መስተዋቱ ሥራውን ፈጸመ ይባላል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር የሚያጸዳ ሰው ሥራ ስለ በጎ አድራጎት የሚያስተምረን ነገር ይኖር ይሆን?

አንድ ቀን ጧት የቤቴን መስኮት ራሴ ላጸዳ ተነሣሁ። ብዙ ሳሙና ብዙ ንጽሕና የሚያመጣ መስሎኝ ሳሙናውን አበዛሁት፤ በጨርቅ አሸሁት፤ በአሮጌ ጋዜጣም ወለወልሁት። በጥላ ሳለ ያማረ መሰለኝ። ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ ግን እጄ የዞረበት መንገድ ሁሉ ነጭ መስመር ሆኖ ታየ። ሳሙና ብጨምርበትም ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። በዚህ ሥራ የሚተዳደር አንድ ጎልማሳ አይቶኝ ፈገግ አለና፣ «ጋሼ፣ ቆሻሻውስ ቀድሞ ሄዷል፤ አሁን የሚያዩት ሳሙናውን ነው» አለኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ሳሙና አቧራንና ቅባትን ከመስተዋት ያላቅቃል፤ ነገር ግን በራሱ አይሄድም። ውኃው ሳይጠረግ የደረቀ እንደሆነ፣ ውኃው ተንኖ ሲጠፋ ሳሙናውና በውኃው ውስጥ የነበረው ማዕድን በመስተዋቱ ላይ ይቀራሉ። ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውኃ ሲሆንማ፣ ሳሙናው ከእነርሱ ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ስለዚህ ጎልማሳው በአንድ ባልዲ ውኃ ጥቂት ጠብታ ብቻ ጨመረ፤ መስተዋቱን አርሶ አሸው፤ ፀሐይ ሳያደርቀውም በባለ ጎማው መወልወያ ከላይ ወደ ታች ሳበው። እያንዳንዱን ስበት በፊተኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት ያሳርፈዋል፤ ከእያንዳንዱም ስበት በኋላ ጎማውን በጨርቅ ይጠርጋል። ጎማው ሳይጠረግ ከቀረ የፊተኛውን እድፍ ለኋለኛው ያወርሰዋልና።

ይህን መሣሪያ ዛሬ በምናውቀው መልክ የሠራው፣ ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ ፈልሶ በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ መስኮት ያጸዳ የነበረ ኤቶሬ ስቴኮኔ የሚባል ሰው ነው። በጊዜው የነበረው የብረት መወልወያ ከባድና ባለ ሁለት ጎማ ነበር። እርሱ ግን ቀላልና ባለ አንድ ጎማ የሆነ የናስ መወልወያ ሠርቶ በ1936 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብቱን አገኘ። ብልሃቱ በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሐሳቤ ከመስተዋት ወደ ሰው ሄደ። ከብዙ ዓመታት በፊት ከእኔ በታች ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት በሒሳብ መዝገብ ላይ ተሳሳተ። ሳልቆጣ አስተካከልሁለት፤ አሠራሩንም አሳየሁት። ነገሩ በአንድ ሳምንት አለቀ። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እርሱ በተመሰገነ ቁጥር በሰው ፊት «ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝ» ከማለት አልተቈጠብሁም። በመጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ውለታ ቢስ ነው ብዬም አማሁት። ለካ ስሕተቱ ቀድሞ ሄዶ ኖሯል፤ በላዩ የቀረው የእኔ ሳሙና ነበር።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላልና፣ በጎ የሠራ ሰው ስሙ ጨርሶ ይጥፋን? የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ነገር ግን ውለታን ማስታወስ የተቀባዩ ዕዳ ነው እንጂ የሰጪው ግብር አይደለም። መስተዋቱ የአጽጂውን እጅ ማሳየት አይገባውም፤ እኛ ግን እጁን መርሳት፣ ደመወዙንም ማጓደል አይገባንም። ደግሞም እድፍ እንዳይቀር ብሎ ሳሙናን ጨርሶ መተው ብልህነት አይደለም። ተማሪው እንዳይከፋው ስሕተቱን ሳያርም የሚያልፍ መምህር መስተዋቱን እንዳደፈ ይተወዋል። በፊተኛው ባለጉዳይ የተቆጣ ሹምም ቁጣውን ሳይጠርግ ሁለተኛውን የተቀበለ እንደሆነ፣ ያልተጠረገ ጎማ ይዞ ይሠራል።

ጎልማሳው ሲጨርስ መስተዋቱ ያለ አልመስል ብሎኝ በጣቴ ልነካው እጄን ዘረጋሁ፤ ወዲያውም ሰበሰብሁት። ሒሳቡን ከፍዬ፣ አመስግኜ ሸኘሁት። ማታ ለዚያ የቀድሞ ባልደረባዬ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ አራት ገጽ ሆነ፤ ሳነበውም ስለ ራሴ ጸጸት እንጂ ስለ እርሱ የሚናገር አልነበረም። ቀደድሁት፤ በምትኩም፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ የሚገልጽ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ላክሁለት። መልስ እንዲጽፍልኝ አልጠየቅሁትም።