ጉርሻና ደመወዝ

በመቐለ ከተማ መካከል፣ በሮማናት አደባባይ ዙሪያ ባሉ ቡና ቤቶች፣ በየሰዓቱ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ጥቂት ብር በጠረጴዛው ላይ ይተዋል፤ ወይም «መልሱን ያዢው» ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ «ቲፕ» ይለዋል፤ የቆየው የአማርኛ ስሙ ግን ጉርሻ ነው። ስለ ጥቂት ብር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ፍትሕና ፍቅር ከሚገናኙባቸው፣ ስለዚህም በቀላሉ ከሚምታቱባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ጠረጴዛ ነው።

ጉርሻ በመጀመሪያ ትርጉሙ፣ በማዕድ ላይ አንዱ ጠቅልሎ ለሌላው በእጁ የሚያጎርሰው እንጀራ ነው። በዚህ መልካም ልማዳችን ውስጥ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አጉራሹ የጎራሹን ፊት ሳያይ ማጉረስ አይችልም። ሁለተኛ፣ ጎራሹ አስቀድሞ በመሶቡ ዙሪያ ቦታ ተሰጥቶታል። ሦስተኛ፣ ጉርሻ በእራት ላይ የሚጨመር የፍቅር ምልክት ነው እንጂ ራሱ እራት አይደለም። እንግዳውን ከበር ላይ አቁሞ አንድ ጊዜ ካጎረሰው በኋላ «እራት አብልቼዋለሁ» የሚል ባለቤት ቢኖር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይታዘበዋል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአጠገቤ የነበረ ሰው አስተናጋጇን በጭብጨባ ጠራት፤ ጥቂት ብትዘገይም በሰው ፊት ዘለፋት። ሲወጣ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ገንዘብ ትቶላት ሄደ። ገንዘቡን ስታነሣ አይቼ፣ «ልጄ፣ አዝነሽ ይሆናል» አልኋት። እርሷም፣ «አባ፣ ደመወዙ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም፤ የምንኖረው በዚህ ነው። ስለዚህ መቆጣት አንችልም» ስትል መለሰችልኝ። ልቤን የነካው «መቆጣት አንችልም» የሚለው ቃሏ ነው። ሰውየው ብሩን ሰጥቷል፤ ፊቷን ግን አላየም። እርሷም ኑሮዋ በእንግዳው ፈቃድ ላይ ስለተንጠለጠለ፣ እግዚአብሔር የሰጣትን ክብር በአፏ እንኳ መከላከል አልቻለችም።

ይህ ጉዳይ ከእንግዳው አስቀድሞ የሚመለከተው አሠሪውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን እንደ ደመወዝ አይቆጥርም። በሕመም ፈቃድ ጊዜ የሚከፈለውም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ነው። እንግዲህ በጉርሻ የምትተዳደር ሠራተኛ በታመመች ቀን፣ የምትኖርበት ገንዘብ አብሯት ይታመማል ማለት ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛ በችግር ተገዶ የተቀበለው ደመወዝ ስለተስማማበት ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ድንጋጌ፣ በፍትሕ የሚገባውን እንደ ፍቅር ስጦታ አድርጎ ማቅረብ እንደማይገባ አሳስቧል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የምናገኘው የወይኑ ባለቤትም አስቀድመው ለመጡት የተስማሙበትን አንድ ዲናር ሳያጎድል ከፈለ፤ ዘግይተው ለመጡት ደግሞ ቸርነት አደረገ። ቸርነቱ የማንንም ደመወዝ አልነካም፤ ከገዛ ገንዘቡም እንጂ ከሌላ ሰው ኪስ አልወጣም። «ደመወዝሽ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቲፕ ታገኛለሽ» የሚል አሠሪ ግን በእንግዶቹ ኪስ ቸር ለመባል ይፈልጋል።

«ጥፋቱ የአሠሪው ከሆነ እኔ ስለምን እጨምራለሁ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እጃችንን ብንሰበስብ የምትራበው አስተናጋጇ ናት እንጂ አሠሪው አይደለም። እኛ በትግራይ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. ባንኮች ተዘግተው ሳለ፣ የገዛ ገንዘባችንን ማውጣት አቅቶን በዘመድና በጎረቤት እጅ ኖረናል። ኑሮው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ተምረናል። የተማርነውን ልንረሳው አይገባም።

ስለዚህ የሚቻለው ሰው እንደ አቅሙ ይስጥ፤ ለታይታ ሳይሆን በአክብሮት ይስጥ። ከቡናው ዋጋ በላይ የሌለው ተማሪ ግን ባለመስጠቱ ኅሊናው አይውቀሰው፤ ጉርሻ ዕዳ አይደለምና። ሰላምታና ምስጋና ግን ከማንም የሚጠበቁ ዕዳዎች ናቸው፤ እነዚህን ለመክፈል ድኻ የሆነ ሰው የለም። እንዲሁም ጉርሻን ከጉቦ እንለይ። ጉርሻ አገልግሎቱ ከተፈጸመ በኋላ በግልጽ የሚሰጥ ሲሆን የማንንም መብት አይነካም፤ ጉዳይን ለማስቀደም በስውር የሚሰጥ ገንዘብ ግን ምንም ያህል ቢያንስ የሌላውን ተራ ይሰርቃል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህን ጉዳይ በጉባኤያችሁ አንሡት። ከምእመኖቻችን መካከል ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ወይም በቤቱ ሠራተኛ ያለው ሁሉ ራሱን ይጠይቅ፦ ለእኔ የምትሠራው ሰው፣ ማንም ምንም ሳይጨምርላት፣ በምከፍላት ደመወዝ ልትኖር ትችላለችን? እንግዳ ሆነን የምንቀመጥ ደግሞ፣ ያገለገለችንን እኅት ፊት አይተን እንደ ሆነ እንጠይቅ። በመጀመሪያ በመሶቡ ዙሪያ ቦታ እንስጣት፤ ከዚያ በኋላ የምናጎርሳት ጉርሻ በእውነት ጉርሻ ይሆናል።

የሠራተኛው የዮሴፍ ልጅ ሆኖ በናዝሬት በእጁ የሠራ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ለአሠሪዎች ፍትሕን፣ ለሠራተኞች ክብርን፣ ለሁላችንም አስተዋይ ልብን ይስጠን። አሜን።