እንጀራው ቃሉ ስለ ሆነ ሰው

ምስክር ስለ መሰከረው ቃል ዋጋ ቢቀበል ምስክርነቱ ይጸናልን? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተገኘ አይደለም፤ በዳኞች አደባባይ፥ በሽማግሌዎች ሸንጎ፥ በጉባኤ ቤትም ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ ነው። ነገር ግን በዘመናችን ከዚህ ቀደም ባላሰብነው ስፍራ ስለ ተነሣ፥ ያንን ስፍራ አናውቀውም ብለን ልናልፈው አይገባንም።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ በቤቴ የሚያድግ የእኅቴ ልጅ ነው። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ነው። አንድ ማታ ትምህርትህን ስትፈጽም ምን ልትሆን ታስባለህ ብዬ ብጠይቀው፥ «የኮምፒዩተር ጨዋታ እየተጫወትሁ ለሰው ማሳየትና ስለ ጨዋታው መናገር ነው የምፈልገው፥ የኔታ» አለኝ። «ሌላው ሲጫወት ተቀምጦ የሚያይ ምን ዐይነት ሰው ነው?» ብዬ ሣቅሁ። እርሱ ግን አልሣቀም። «እርስዎ ሌላው ሲቀኝ ቆመው የሚሰሙት ራስዎ መቀኘት ስለማይችሉ ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ወይ ይቈጣል ወይ ይማራል፤ ቍጣው ቀደመኝ፥ ነገር ግን በማግሥቱ ልጁን ጠርቼ የሥራውን ጠባይ እንዲያስረዳኝ ለመንሁት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰውየው በቤቱ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ይጫወታል፤ ጨዋታውም ከድምፁ ጋራ፥ አንዳንድ ጊዜም ከፊቱ ምስል ጋራ፥ በኢንተርኔት ለተመልካች ይደርሳል። አንዳንዱ አስቀድሞ ቀርጾና አርሞ ያወጣል፤ ለዚህ ትልቁ መድረክ በ2005 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩቲዩብ ነው፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ በሚጫወትበት ሰዓት በቀጥታ ያሳያል፤ በዚህ የታወቀው ትዊች በ2011 ተከፍቶ፥ በ2014 አማዞን የተባለው ኩባንያ በ970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል። የተናጋሪው እንጀራ ከብዙ እጅ ይመጣል። መድረኩ ከማስታወቂያ ከሚያገኘው ገንዘብ ያካፍለዋል፤ ዩቲዩብ ይህን ማካፈል የጀመረው በ2007 ነው። ተመልካቾች በየወሩ ይከፍሉታል፥ ወይም በፈቃዳቸው ይለግሱታል። ጨዋታ ሠሪዎችና ሌሎች ነጋዴዎችም ሸቀጣቸውን እንዲያነሣላቸው በውል ይከፍሉታል። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ አንድ ጨዋታ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ ሲናገር፥ በአፉ ውስጥ የማን እንጀራ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ልጁ ከዛሬዎቹ ብዙዎችን ከቈጠረልኝ በኋላ አሮጌ ቪዲዮዎቹን እስከ ዛሬ የሚመለከትለትን አንድ የሞተ እንግሊዛዊ አነሣልኝ። ስሙ ጆን ቤይን ይባላል። በ1984 ተወለደ፤ ሕግ ተማረ፤ ከ2005 ጀምሮ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ስለሚባለው ጨዋታ በኢንተርኔት ሬዲዮ ይናገር ነበር። በ2010 ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ ቶታልቢስኪት በሚል የብዕር ስም (ብዕር ባይኖረውም) ታወቀ። ዋናው ሥራው አዲስ የወጣውን ጨዋታ በሕዝብ ፊት ከፍቶ መመርመር ነበር፤ የዚህ ተከታታይ ሥራው አርእስት ግን ጨዋ አንደበት የሚናገረው ስላልሆነ በዚህ መጽሔት አልጽፈውም።

ልጁ ካሳየኝ ሁሉ አንድ ነገር ልቤን ሳበው። ቤይን መጫወት ከመጀመሩ አስቀድሞ ሌላው ዘሎ የሚያልፈውን የማስተካከያውን ገጽ ይከፍታል። ምስሉ በየሴኮንዱ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፥ የማያ ገጹ ስፋት በተጫዋቹ ኮምፒዩተር ልክ ይስተካከል እንደ ሆነ፥ ገዢው ሊለውጠው የሚችለውና የማይችለው ምን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ይመረምራል። እህል ገዢ በጆንያው አፍ የሚታየውን ትቶ እጁን ሰዶ ከሥር ያለውን እፍኝ እንደሚያወጣ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ ጨዋታ እስከ 60 ዶላር ይሸጥ ነበርና፥ ከሚያዳምጡት መካከል ይህን ገንዘብ በብዙ ድካም የሚያጠራቅም ወጣት አይጠፋም። በመጨረሻው ዘመኑ ተከታዮቹ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሰውየው የዋህ ነበር አልልም፤ አንደበቱ ስለት ነበረ፥ ከሚቃወሙት ጋራም ይከራከር ነበር።

በ2013 በካናዳ የሚገኝ ዋይልድ ጌምስ ስቱዲዮ የሚባል ድርጅት ያወጣውን ጨዋታ መርምሮ ክፉኛ ነቀፈው። ድርጅቱም የቅጂ መብቴ ተነካ ብሎ ለዩቲዩብ አመለከተ፥ ቪዲዮውም ከመድረክ ተነሣ። በዩቲዩብ ሕግ እንዲህ ያለው ክስ ሦስት ጊዜ የጸናበት ሰው የዘመናት ሥራውን ሁሉ ከነገጹ ያጣል፤ ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቪዲዮ ጕዳይ ብቻ አልነበረም። ቤይን በኦክቶበር ወር ነገሩን ለሕዝብ ገለጠ፤ ጩኸት ተነሣ፥ ድርጅቱም ክሱን ተወ። ነጋዴ ምስክሩን ማስፈራራት ሲሳነው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ እርሱም መግዛት ነው።

በ2014 ሻዶው ኦፍ ሞርዶር የተባለ ጨዋታ ሊወጣ ሲል፥ የባለቤቱ የዋርነር ብራዘርስ ወኪሎች ለተናጋሪዎች ጨዋታውን ቀደም ብለው ለመስጠት ውል አቀረቡ። ቤይን የዚህን ውል ነገር በአደባባይ ካወጡት አንዱ ነው። የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በጁላይ 2016 ጕዳዩን በስምምነት ሲዘጋ እንደ ተገለጠው፥ ለየአንዳንዱ ተናጋሪ ከመቶዎች እስከ ዐሥር ሺዎች ዶላር ተከፍሎ ነበር። ውሉም ስለ ጨዋታው መልካም እንዲናገሩ፥ የጨዋታውንም ብልሽት እንዳያሳዩ ያዛል፤ ክፍያውን የሚያስታውቀው ቃል ደግሞ በቪዲዮው ሥር፥ ተመልካች ካልከፈተው በማያገኘው ስፍራ እንዲቀመጥ ተነግሯቸው ነበር። እነዚህ ቪዲዮዎች በጠቅላላው ከ5.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይተዋል። በዚያው በ2016 ከዚህም የባሰ ተገለጠ፤ ሁለት የታወቁ ተናጋሪዎች በኢንተርኔት የሚገኝ የቍማር ቤት ለተመልካቾቻቸው እያመሰገኑ ሲያሳዩ፥ የቍማር ቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው ኖረዋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ደመወዝ መቀበል በራሱ በደል አይደለም። እኛ ካህናትም ከአገልግሎታችን እንበላለን፥ መምህርም ከጉባኤው ይኖራል። ቤይን ራሱ ተናጋሪ በገንዘብ አይሥራ አላለም፤ የተከፈለበትን ሥራ የሚያቀርብ ሰው መከፈሉን ተመልካች ሳይፈልግ በሚሰማበት ስፍራ ይናገር እያለ ይከራከር ነበር እንጂ። በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ «ጉቦ የበላ ዳኛ ጉቦ በልቻለሁ ብሎ በችሎት ቢናገር ፍርዱ ይነጻልን?» የሚል። አይነጻም። ነገር ግን ዳኛና ምስክር አንድ አይደሉም። የዳኛ ቃል ተከራካሪውን ያስራል፤ ተከራካሪው ሚዛኑን በእጁ ሊይዝ አይችልም፥ ስለዚህ የዳኛው ጉቦ ተገልጦም ተሰውሮም ያው ጉቦ ነው። የምስክር ቃል ግን በሰሚው ሚዛን ላይ የሚወድቅ ነው። ሰሚው ምስክሩ ከማን ቤት እንደ በላ ካወቀ፥ ከቃሉ የሚገባውን ያህል ቀንሶ የቀረውን ይወስዳል። ካላወቀ ግን ሚዛኑን ሰርቀውታል። እንደዚህ ከሆነ የተሸሸገ ክፍያ በደልነቱ ከውሸት ይልቅ ለስርቆት ይቀርባል፤ ተናጋሪው የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ የሰሚውን ነጻነት ወስዷልና።

ይህን ስጽፍ እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለጸጋ መጽሐፍ ጽፈው አስተያየቴን ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ባለው በዓል ካባ አልብሰውኝ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የአንድምታውን አካሄድ የሳተ አንድ ምዕራፍ አለ፤ አየሁት፥ በእርሳስም አሰመርሁበት። በመግቢያው ላይ በስሜ የወጣው ቃል ግን ምስጋና ብቻ ነው። ሐሰት አልጻፍሁም፥ ያመሰገንሁት ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነበረ፤ ስለ ካባውና ስለዚያ ምዕራፍ ብቻ ዝም አልሁ። ልጁ የሻዶው ኦፍ ሞርዶርን ውል ሲያስረዳኝ፥ ብልሽቱን አታሳይ የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ከነጋዴው በላይ ግን የከበደ ሌላ ጌታ አለ፤ እርሱም ተመልካቹ ሕዝብ ነው። በቀጥታ ሥርጭት የሚሠራው ሰው በዚያች ደቂቃ ስንት ሰው እንደሚያየው ቍጥሩ በፊቱ ይቆማል፤ ሲያዝን ቢቀንስ፥ ሲሳደብ ቢጨምር ያየዋል። ገንዘብ የሰጠውን ሰው ስሙን ጠርቶ ያመሰግናል። (ስም እየጠሩ ማመስገን በእኛ ዐውደ ምሕረት የማይታወቅ ልማድ ነው ለማለት አልደፍርም።) ዕረፍትም የለውም፤ ኒንጃ በሚል ስም የታወቀው አሜሪካዊ ተጫዋች በጁን 2018 ከሁለት ቀን ላነሰ ጊዜ ከሥርጭት ቢለይ 40,000 ከፋይ ተከታዮች እንደ ጐደሉበት ራሱ ተናግሯል። የነጋዴው ገንዘብ ውልና ቍጥር ስላለው ሊገለጥ ይችላል። የሕዝብ ፍቅር ግን ውል የለውም። ተናጋሪው «ይህን የምለው እንድትወዱኝ ነው» ብሎ አስቀድሞ ሊያስታውቅ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውምና። ዛሬ የአማርኛ ስብከት በዚያው በዩቲዩብ ይተላለፋል፥ በመካከሉም የሸቀጥ ማስታወቂያ ይገባል። ሰባኪው የትኛው ቃሉ ብዙ ሰው እንደ ሳበ በማግሥቱ በቍጥር ያየዋል። በሚቀጥለው እሑድ ያን ቃል ሲደግመው፥ ስለ ምን እንደ ደገመው የሚያውቀው ማን ነው?

ቤይን በዚህ በኩል ቈስሏል። ነጋዴውን የተቋቋመ ሰው፥ ከቪዲዮዎቹ ሥር የማያውቃቸው ሰዎች የሚጽፉለትን ቃል መቋቋም አቃተው፤ አስተያየት የሚጻፍበትን ስፍራ ዘጋው። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ትዕቢት መሰለኝ፤ ሌላውን ሲነቅፍ የሚኖር ሰው ነቀፋ ሲመጣበት በሩን መዝጋቱ ምን ይባላል አልሁ። በኋላ ግን አሳቤ ተከፈለ። ሊፈርድ የተቀመጠ ሰው ጩኸቱ እስኪበርድ በሩን መዝጋት ካልቻለ የራሱን ፍርድ ከሌላው ጩኸት ለይቶ አይሰማም። ደግሞም አንደበቱ ስለት የሆነ ሰው ከሌላው ይልቅ ገሣጭ ያስፈልገዋል፥ በተዘጋ በር ደግሞ ገሣጭም ከተሳዳቢው ጋራ ውጭ ይቀራል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመዝን እስከ ዛሬ አልቈረጥሁም።

በ2014 የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። በኦክቶበር 2015 ሕመሙ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ በማይችል ሁኔታ ወደ ጕበቱ መዛመቱን፥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በአማካይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እንደሚኖር ለሕዝብ ራሱ አስታወቀ። ከዚያም በኋላ የጨዋታዎቹን የማስተካከያ ገጽ እየከፈተ መመርመሩን አልተወም። በኤፕሪል 2018 ከሥራው መሰናበቱን ገለጠ፤ በሜይ 24 ቀን በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ልጁ፥ «ታዲያ ልሥራው ወይስ አልሥራው፥ የኔታ?» አለኝ። ከማን እንደምትበላ በአፍህ ለመናገር የማታፍርበት ቀን ሁሉ ሥራው፥ ያፈርህ ቀን ግን ተወው አልሁት። ስለ ካባውና ስለ መጽሐፉም ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ያ የጻፉት ምስጋና ዛሬም በመጽሐፉ ላይ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አለ። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ጊዜ ታትሟል።